የወረታ ሕንፃዎች መወጣጫ በአንድ ልክ እንዲሠራ

ለወረታ ከተማ አስተዳደር፣
ለደቡብ ጎንደር ዞን ከተማና መሠረተ ልማት መምሪያ፣
ለከተማዋ ሥራ ተቋራጮች፣ ለሕንፃ ባለቤቶችና ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች፣

ጉዳዩ፦ በፎገራ ሜዳ ላይ ለሚገነቡ ሕንፃዎች አንድ ወጥ የተገጣጣሚ መወጣጫ ልክ እንዲወሰን ስለመጠየቅ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ወረታ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያመራው መንገድ የሚገነጠልባት፣ የፎገራ ሩዝ የሚፈተግባትና የሚሸጥባት፣ ደረቅ ወደብም የተሠራባት ከተማ እንደመሆኗ፣ በአውራ ጎዳናዋ ግራና ቀኝ የሚቆሙት ሕንፃዎች ከምድር ቤት አልፈው ሦስትና አራት ፎቅ መድረስ ጀምረዋል። ሕንፃው ከፍ ሲል ግንበኛውንና ለሳኙን ተሸክሞ የሚወጣው ነገር ግን እምብዛም አልተለወጠም፤ በአብዛኛው ዛሬም የባሕር ዛፍ አጣና ተተክሎ፣ በምስማርና በሽቦ ተያይዞ፣ ጣውላ ተረብርቦበት ሰው ይወጣበታል። የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ከተማዋና ዞኑ ማንም ሰው ብረት ከመግዛቱ በፊት የመወጣጫውን ልክ፣ ማለትም የቱቦውን ስፋት፣ የመጋጠሚያውን ዓይነትና የቋሚዎቹን ርቀት፣ በጽሑፍ እንዲወስኑና እንዲያስታውቁ ነው።

መወጣጫ ሲባል ሕንፃ ሲሠራ፣ ሲለሰን ወይም ሲታደስ ሠራተኛው የሚቆምበትና ዕቃውን የሚያስቀምጥበት፣ ሥራው ሲያልቅ የሚነሣ ጊዜያዊ መዋቅር ነው፤ በየግንባታው ቦታ ስካፎልዲንግ የሚባለውም ይኸው ነው። ተገጣጣሚ ወይም ሞዱላር የሚባለው ደግሞ ክፍሎቹ አስቀድሞ በታወቀ ርዝመት ተቆርጠው፣ የሚጋጠሙበት ቦታም በብየዳ ተወስኖ የሚመጡ፣ በግንባታው ቦታ ሳይቆረጡና ሳይቸነከሩ የሚቆሙ፣ ተፈትተውም ወደ ሌላ ሕንፃ የሚሄዱ ክፍሎች ያሉት መወጣጫ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ከቁሱ ይልቅ ውሳኔው የሚሰጥበት ቦታ ነው፤ በአጣናው መወጣጫ የቋሚዎቹን ርቀት፣ የአግዳሚውን ከፍታና የሰያፉን መኖር አለመኖር የሚወስነው በዕለቱ የተገኘው እንጨትና የአናጢው ዓይን ሲሆን፣ በተገጣጣሚው ግን ይህ ሁሉ ሠራተኛው ከመውጣቱ ከወራት በፊት በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ተወስኖ ያለቀ ጉዳይ ነው።

ባሕር ዛፍን ማንቋሸሽ አይገባም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ይህ ዛፍ ያለ ብረትና ያለ ውጭ ምንዛሪ የኢትዮጵያን ከተሞች ያቆመ ነው፤ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ በቀላሉ ይገኛል፣ ለክብደቱ ጠንካራ ነው። ጉድለቱ በመወጣጫነት ሲያገለግል ይታያል። አጣናው ከግርጌው ወፍሮ ከጫፉ ስለሚቀጥን አንዱ ቋሚ የሌላውን ያህል አይሸከምም፤ እርጥቡ ተቆርጦ በቆመበት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ትናንት የጠበቀው ሽቦ ከሳምንታት በኋላ ይላላል፤ በተፈታና በተቸነከረ ቁጥር የምስማር ቀዳዳው ይበዛል፣ ጫፉም ስለሚሰነጠቅና ስለሚቆረጥ ርዝመቱ ያጥራል፤ ምስጥ የበላው ልብ ደግሞ ከውጭ አይታይም። አንድ መሐንዲስ ይህን ሁሉ አስቦ አስተማማኝ የእንጨት መወጣጫ ሊነድፍ ይችላል፤ ነገር ግን ንድፉ ለዚያ ሕንፃና ለእነዚያ እንጨቶች ብቻ የሚሆን ስለሆነ ለሚቀጥለው ሥራ አይተላለፍም። በሆንግ ኮንግ ቀርከሃ ለረጅም ዘመን በረጃጅም ሕንፃዎች ላይ ሊያገለግል የቻለው ሙያው በሥልጠናና በምስክር ወረቀት ስለተያዘ ነው። በዚህ በኩል በአዊ ደጋማ ቦታዎች ቀርከሃ በብዛት ቢኖርም እንዲህ ያለ የሙያ ሥርዓት አብሮት ስለሌለ፣ ቀርከሃውን ብቻ ማምጣት መፍትሔ አይሆንም።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የአማራ ክልል በቅርቡ አይቷል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ አረርቲ ከተማ፣ በመሠራት ላይ በነበረ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመው የእንጨት መወጣጫ በበዓሉ ዕለት ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሲሞቱ ከ200 በላይ ቆስለዋል። የዚያን ዕለት አደጋ መንስኤ መተንተን የዚህ ደብዳቤ ድርሻ አይደለም፤ ነገር ግን ማንኛውም የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ስሌት አለ። በአውሮፓ ደረጃ፣ ኢኤን 12811 በሚባለው ሰነድ፣ ሦስተኛ ክፍል መወጣጫ በአንድ ሜትር ካሬ ወለል 2 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት እንዲችል ሆኖ ይነደፋል። ተጠጋግተው የቆሙ ሰዎች በአንድ ሜትር ካሬ አምስት ቢሆኑና እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ቢመዝኑ ጭነቱ 325 ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ ለሠራተኛ በሚገባ የተነደፈ፣ በብረት የተሠራ መወጣጫ እንኳ ሕዝብ ከወጣበት የታሰበለትን ጭነት ያልፋል ማለት ነው፤ ስለዚህ የመወጣጫው መግቢያ በበዓልም ሆነ በጉብኝት ቀን ተዘግቶ መዋሉ ራሱ የንድፉ ክፍል ሆኖ መቆጠር አለበት።

የተገጣጣሚው ሐሳብ ታሪክ ረጅም አይደለም። በእንግሊዝ አገር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ መወጣጫ የሚቆመው በእንጨትና በገመድ ነበር፤ ዳንኤል ፓልመር ጆንስ የተባለው ሰው የብረት ቱቦዎችን አጥብቆ የሚይዝ ማያያዣ ካስፋፋ በኋላ ሁሉም በአንድ ውፍረት ቱቦ መሥራት ጀመረ። ቱቦው አንድ ቢሆንም ማያያዣው በቱቦው ላይ በየትኛውም ቦታ ሊታሰር ይችል ስለነበር ርቀቱን የሚወስነው አሁንም አሳሪው ነበር። ቀጣዩ እርምጃ መጋጠሚያውን በቱቦው ላይ በቋሚነት መበየድ ሆነ፤ የብሪታንያው ኤስጂቢ ኩባንያ ኩፕሎክ በተባለው ዘዴው በጽዋ መሰል መያዣ ሲጠቀም፣ የጀርመኑ ላየር ኩባንያ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ኦልራውንድ በተባለ ዘዴ ስምንት ቀዳዳ ያለው ቀለበት በቋሚው ላይ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ በየደ። ዛሬ በዓለም ገበያ ሪንግሎክ እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው መወጣጫ የዚህ ቀለበት ዘር ነው፤ ለወረታም የሚበጀው ይኸው ነው።

የክፍሎቹ ስም በአናጢው ዘንድ ከሚታወቀው ብዙ አይርቅም። ቋሚው ጭነቱን ወደ መሬት የሚያወርደው ቱቦ ነው፤ አግዳሚው በሕንፃው ፊት ርዝመት ቋሚን ከቋሚ ያገናኛል፤ ተሻጋሪው ከግድግዳው ወደ ውጭ የውስጡንና የውጩን ቋሚ ያያይዛል፤ ሰያፉ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ተጋድሞ አራት ማዕዘኑ እንዳይጣመም ይይዘዋል። አግዳሚውና ተሻጋሪው በጫፋቸው አፍ መሰል መያዣ አላቸው፤ አፉ ቀለበቱን ከጎረሰ በኋላ ሽብልቅ በቀዳዳው ወርዶ በመዶሻ ይመታል፣ ሲፈታም ከሥር ወደ ላይ ይመታል። ከቀለበቱ ስምንት ቀዳዳዎች አራቱ ጠባብ ሆነው ክፍሎቹ በቀጥታ ማዕዘን እንዲገጥሙ ያስገድዳሉ፤ የቀሩት አራቱ ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ሰያፉንና በሌላ ማዕዘን የሚዞረውን ክፍል ይቀበላሉ፤ ክብ የሆነውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ለመክበብ የሚያስችሉትም እነዚሁ ሰፋፊዎቹ ናቸው።

ሊወሰን የሚገባውን ልክ በተመለከተ፣ ቱቦው ውጫዊ ስፋቱ 48.3 ሚሊ ሜትር፣ የገላው ውፍረት ከ3.2 ሚሊ ሜትር የማያንስ ክብ ብረት መሆን አለበት። ይህ ስፋት በዓለም ላይ የተለመደው የመወጣጫ ቱቦ ስፋት ከመሆኑም በላይ ባለ አንድ ተኩል ኢንች የውኃ ቧንቧ ውጫዊ ስፋትም ስለሆነ፣ ጥቅሙና አደጋው እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ጥቅሙ ቱቦው በየብረታ ብረት መደብሩ መገኘቱ ሲሆን፣ አደጋው ገላው የሳሳ ቧንቧ ከውጭ ሲታይ ከትክክለኛው ቱቦ ጋር አንድ መምሰሉ ነው፤ ገላው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቱቦ መጉበጥን የሚቋቋምበት አቅም ከባለ 3.2ቱ በሲሶ ያህል ያነሰ ሲሆን፣ ትንሽ ዝገት ሲጨመርበት ደግሞ የቀረውም በፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥጥሩ በሜትር መለኪያ ሳይሆን በሚዛን መሆን አለበት፤ ትክክለኛው ቱቦ በአንድ ሜትር 3.56 ኪሎ ሲመዝን የሳሳው 2.28 ኪሎ ብቻ ስለሚመዝን፣ የገበያ ሚዛን የያዘ ማንኛውም ተቆጣጣሪ ሁለቱን ሊለያቸው ይችላል።

የቋሚዎቹ ርቀት በሕንፃው ፊት ርዝመት 2.07 ሜትር፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ይመረጣል። 2.07 የሚለው ቁጥር እንግዳ ቢመስልም ከጀርመኑ ልክ ጋር የሚስማማ በመሆኑ ከውጭ ከሚገባ ዕቃ ጋር ይገጥማል፤ ክብ ቁጥር ይሻላል ተብሎ 2 ሜትር ቢመረጥና ኋላ ሌላው ተቋራጭ 2.07 የሆነውን ገዝቶ ቢመጣ፣ ሰባት ሴንቲ ሜትሩ በዓይን ስለማይለይ ሁለቱ በአንድ ፊት ላይ ይቀላቀላሉ፣ ቋሚውም ይዘማል። የቀለበቶቹ የ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለአካባቢው ሕንፃ በሚገባ ይስማማል፤ አንድ ግንበኛ ከቆመበት ወለል እስከ 1.5 ሜትር ያህል ብሎኬት በምቾት ስለሚደረድር፣ ሦስት ሜትር ቁመት ያለው ፎቅ በሁለት እርከን ያልቃል፤ ወለሉም በየሦስተኛው ቀለበት ላይ ይነሣል። ከወለሉ በላይ በአንድ ሜትር ከፍታ ላይ መከላከያ አግዳሚ፣ በመካከሉ ሌላ አንድ፣ ከእግር በኩል ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጣውላ መኖር አለበት፤ የኋለኛው የሚጠብቀው ከሥር የሚያልፈውን ሰው ነው።

ጭነቱ ለግንበኛው በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለው ወለል 1.8 ሜትር ካሬ ገደማ ስለሆነ ሦስተኛ ክፍል መወጣጫ በዚያ ላይ ወደ 360 ኪሎ ይችላል፤ ሁለት ሠራተኞች ከነመሣሪያቸው 160 ኪሎ ቢባሉ የሚቀረው 200 ኪሎ ነው፣ ይህም 20 ኪሎ ለሚመዝን ብሎኬት አሥር ፍሬ ብቻ ማለት ነው። ለልስን ሦስተኛው ክፍል ይበቃል፤ ለብሎኬት ግንብ ግን በሜትር ካሬ 300 ኪሎ የሚችለው አራተኛ ክፍል ቢመረጥ የተሻለ ነው፤ የትኛውም ቢሆን የሚችለው ብሎኬት ቁጥር በመወጣጫው መግቢያ ላይ በትልቅ ፊደል መጻፍ አለበት፤ በኪሎ ኒውተን የተጻፈ ሰሌዳ ብሎኬት የሚሸከመውን ሰው አያስቆመውምና።

ቋሚው በራሱ ብዙ ይሸከማል፤ የሚያሸክመው ግን የተያዘበት ርቀት ነው። በየሁለት ሜትሩ በአግዳሚ የተያዘ ባለ 48.3 ሚሊ ሜትር ቱቦ በንድፈ ሐሳብ የሚጎብጠው ወደ 6 ቶን በሚጠጋ ጭነት ሲሆን፣ አንዱ አግዳሚ ለዕቃ ማሳለፊያ ተብሎ ቢነሣና ያልተያዘው ርዝመት 4 ሜትር ቢሆን ይኸው ቱቦ በ1.5 ቶን ይጎብጣል፤ ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። በሥራ ላይ የሚፈቀደው ጭነት ከነዚህ ቁጥሮች በብዙ ያነሰ ቢሆንም ንጽጽሩ አይለወጥም፤ ሠራተኛ መንገዱን ስለዘጋበት ብቻ ነቅሎ የሚያስቀምጠው አግዳሚ ከመወጣጫው አቅም ሦስት አራተኛውን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በፎገራ የንድፉ ዋና ጉዳይ ያለው ከታች፣ ከእግሩ ላይ ነው። ሜዳው የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሲወርዱ ያነጠፉት ጥቁር የዋልካ አፈር ነው፤ ይህ አፈር በበጋ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ያብጥና ይለሰልሳል፤ ሩዙን ያበቀለው ይኸው ውኃ የመያዝ ጠባዩ ሲሆን፣ መወጣጫውን የሚያሰምጠውም እሱው ነው። በሚያዝያ ደረቅ መሬት ላይ የቆመና ተቆጣጣሪው ያጸደቀው መወጣጫ በሐምሌ እንደ አዲስ መታየት ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ብረቱ ሳይለወጥ ከሥሩ ያለው መሬት ሌላ መሬት ሆኗል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ የሚያስታውሰው ደግሞ፣ አንዳንድ ዓመት ነገሩ ከመለስለስም አልፎ ውኃው ራሱ በእግሩ ዙሪያ ሊቆም እንደሚችል ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 12 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በየእርከኑ ወለል የተነጠፈለት መወጣጫ በመካከል ላይ ባለ አንድ ቋሚ በኩል ከራሱ ክብደት 270 ኪሎ፣ ከሠራተኛና ከዕቃ ደግሞ ሌላ 270 ኪሎ ገደማ፣ በድምሩ ወደ 540 ኪሎ ያወርዳል። ቋሚው የሚያርፍበት የብረት ሰሌዳ በተለመደው መጠን 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ካሬ 2.4 ኪሎ ግራም ይጫናል፤ ለስላሳ ሸክላ አፈር ግን በመሠረት ሥራ መጻሕፍት ከሚሰጠው ግምት ብንነሣ ከ0.75 ኪሎ ግራም በላይ ሊጫንበት አይገባም። ሰሌዳው ብቻውን ከሆነ እንግዲህ ጭነቱ መሬቱ ከሚችለው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ከግድግዳው ወደ ውጭ የተጋደመ፣ 22 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ወፍራም ጣውላ የውስጡንና የውጩን ቋሚ አንድ ላይ ቢሸከም፣ የሁለቱ 1,080 ኪሎ በ3,300 ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ ተበትኖ ወደ 0.33 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ጣውላው ግን የሚሠራው ሙሉ በሙሉ መሬት ሲነካ ብቻ ስለሆነ፣ ከሥሩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ጠጠር ወይም ቀይ አሽ ተደልድሎ፣ ዝናቡ ከእግሩ እንዲርቅም ቦይ ተቀዶ መሆን አለበት። ከቋሚው ሥር የሚገባው ባለ ጥርስ ዘንግ፣ ጃክ የሚባለው፣ አንዱ ጎን ሲሰምጥ ፍሬውን አዙሮ ለማስተካከል ስለሚረዳ በወረታ እንደ ትርፍ ዕቃ መታየት የለበትም፤ ያለ ጃክ የሚሸጥ የመወጣጫ ስብስብ በዚህ ሜዳ ላይ ግማሽ ስብስብ ነው። ባሕር ዛፉም ሥራ አያጣም፤ ለዚህ የእግር ጣውላ ከእርሱ የተሻለ በቅርብ የሚገኝ የለም።

የተስተካከለ እግር ያለው መወጣጫም ቢሆን ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ከሕንፃው ጋር መታሰር አለበት። ማሰሪያው በከፍታ በየ4 ሜትሩ፣ በርዝመት ደግሞ በየሁለተኛው ቋሚ ቢሆን ለአካባቢው ሕንፃዎች ይበቃል፤ ወሳኙ ግን የሚታሰርበት ነገር ነው። በወረታ እንደሚሠሩት አብዛኞቹ ሕንፃዎች ሁሉ ጭነቱን የሚሸከመው የኮንክሪት ኮለንና ቢም ሲሆን፣ በመካከሉ የሚሞላው ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ በብሎኬት ላይ የተመታ ማሰሪያ መሳብ ሲመጣ ከነብሎኬቱ ይነቀላል፤ ስለዚህ ማሰሪያው ኮለንን አቅፎ ወይም በመስኮት በኩል ገብቶ ከቢሙ ጋር መያያዝ አለበት። አቧራ ይከልላል ተብሎ መወጣጫው በሸራ ወይም በወፍራም መረብ ከተሸፈነ ከጣና በኩል በተከፈተው ሜዳ የሚመጣው ነፋስ ሁሉ በሸራው በኩል ወደ ማሰሪያዎቹ ስለሚዞር፣ የማሰሪያው ቁጥር በዚያው ልክ መጨመር ይኖርበታል።

አንድ ሌላ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ሠራተኛ የሚወጣበት መወጣጫና ሶሌታ ሲሞላ ፎርምወርኩን ከሥር የሚደግፈው ፑንቴሎ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ ኮንክሪት ብቻውን በሜትር ካሬ 500 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ የቀለበቱ ቱቦዎች ለዚህም ማገልገል ቢችሉም ቋሚዎቹ ተቀራርበው፣ ስሌቱም ለብቻው ተሠርቶ መሆን አለበት። ሁለቱ እርስ በርስ ከታሰሩ የአንዱ መናወጥ ለሌላው ይተርፋል።

ማን ይሥራው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሩቅ አይመጣም። ከወረታ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ባሠሩባት በጋፋት ስም የተሰየመ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ፤ በየከተማውም በማኅበር የተደራጁ በያጆች አሉ። የተገጣጣሚ መወጣጫ ትክክለኛነት የሚወሰነው በጂግ ነው፤ ጂግ ማለት ቱቦውንና ቀለበቶቹን እስኪበየዱ ድረስ በልካቸው ጨብጦ የሚይዝ ቅርጽ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ብየዳ ቤት የራሱን ጂግ ከፈጠረ የአንዱ አግዳሚ የሌላውን ቀለበት አይገጥምም። ስለዚህ ኢንስቲትዩቱ አንድ ዋና ጂግ ሠርቶ ቢያስቀምጥና የየማኅበሩ ጂግ በየጊዜው ከእርሱ ጋር ቢመሳከር፣ የቀለበቱ ብየዳም ዙሪያውን የተሟላ መሆኑ ናሙና እየተወሰደ እስኪሰበር በመጫን ቢፈተን፣ ሥራው በአካባቢው እጅ ሊሠራ ይችላል። ቀለበቱንና ሽብልቁን ግን በመንደር ብየዳ ቤት ከላሜራ ቆርጦ ለማውጣት መሞከር አይመከርም፤ እነዚህን ትንንሽ ክፍሎች ከፋብሪካ ገዝቶ ቱቦውን እዚህ መቁረጥና መበየድ የተሻለ ነው።

በአንድ ልክ መስማማት ለብዙ እጅ ሥራ እንደሚፈጥር አገሪቱ ታውቀዋለች። ኮብልስቶን በየከተማው የተስፋፋው ድንጋዩ በታወቀ መጠን ስለሚጠረብና አንዱ ማኅበር የጠረበውን ሌላው ማኅበር ሊያነጥፈው ስለሚችል ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታም አስቀድመው የተመረቱ የኮንክሪት ክፍሎችን የተጠቀመው ፎርምወርክና ድጋፍ እንጨት ለመቀነስ ነበር።

ወጪውን በተመለከተ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። 20 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ከፍታ ላለው አንድ የሕንፃ ፊት ብቻ ወደ 890 ሜትር የሚጠጋ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ክብደቱም ያለ ወለሉ 3.2 ቶን ገደማ ነው፤ ይህን አንድ የወረታ ሕንፃ ባለቤት ለአንድ ሥራ ይግዛ ማለት ከንቱ ነው። ነገር ግን ይኸው ብረት በአንድ አይሱዙ ተጭኖ ከወረታ አዲስ ዘመን ወይም ሐሙሲት ሊሄድ የሚችል፣ የእያንዳንዱ ባለ ሁለት ሜትር ቋሚ ቱቦም ያለ ቀለበቶቹ 7 ኪሎ ገደማ ብቻ የሚመዝን በመሆኑ፣ ተፈጥሮው ለኪራይ የተመቸ ነው። አንድ ወይም ሁለት ማኅበራት በብድር ገዝተው በቀን ቢያከራዩት የእያንዳንዱ ሕንፃ ድርሻ ከአጣና፣ ከምስማርና ከሽቦ ግዢ ጋር ሊወዳደር የሚችል ይሆናል፤ ዚንክ የተቀባ ወይም ጋልቫናይዝድ የሆነ ቱቦ በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓመት ስለሚያገለግልም ውድድሩ በጊዜ ብዛት ወደ ብረቱ ያደላል። ኪራይ የሚሠራው ግን ዕቃው ሁሉ እርስ በርሱ ሲገጥም ነው፤ ልኩ ከግዢው በፊት ይወሰን የሚባለውም ለዚህ ነው፤ አንዴ ሦስት ዓይነት መጋጠሚያ ወደ ከተማዋ ከገባ በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው።

የሕግ መሠረቱ አለ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል የሕዝብ መገልገያ የሆኑትንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን በምድብ ሐ አስቀምጦ ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሥራ ቦታን ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። በ1988 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት 167ኛ ስምምነትም መወጣጫ ብቃት ባለው ሰው እንዲመረመር ይጠይቃል። ከዚህ በመነሣት አስተዳደሩ ለምድብ ለ እና ሐ ሕንፃዎች የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የመወጣጫው ንድፍ ከሕንፃው ንድፍ ጋር አብሮ እንዲቀርብ፣ መወጣጫው ከቆመ በኋላም በየሳምንቱና ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ታይቶ የተመለከተው ሰው ስምና ቀን በመግቢያው ላይ በተንጠለጠለ ካርድ እንዲጻፍ ቢያደርግ፣ ከነባር ሥልጣኑ የወጣ ነገር አይሆንም። ባለ አንድ ፎቅ ቤት በአጣና መሠራቱ ለጊዜው ሊቀጥል ይችላል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን መከልከል ደንቡን ወረቀት ላይ ያስቀረዋል። መወጣጫ የሚተክለው ሠራተኛም እንደ በያጁና እንደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሙያ ብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ፣ እንዲወስድ ሥልጠናው በክልሉ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሊከፈት ይገባል።

ስለዚህ የወረታ ከተማ አስተዳደርና የደቡብ ጎንደር ዞን ከተማና መሠረተ ልማት መምሪያ መሐንዲሶችን፣ ተቋራጮችን፣ የበያጅ ማኅበራትንና የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎችን ጠርተው ልኩን እንዲወስኑ፣ የቱቦውን ክብደት፣ የመጋጠሚያውን ዓይነት፣ የቋሚዎቹን ርቀትና የእግር ጣውላውን መጠን በአንድ ገጽ ጽፈው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲያወጡ፣ ይህንንም ክረምቱ አልፎ ዋልካው ከመድረቁና የጥቅምት የግንባታ ወቅት ከመጀመሩ በፊት እንዲፈጽሙ በአክብሮት ይጠየቃሉ።